የማረሻ ፋብሪካ ዕቅድና የሉማሜ ቀጥቃጭ

በምህንድስና ተማሪዎች መካከል ስለ ብረታ ብረት ኢንዱስትሪ ውይይት በተነሣ ቁጥር አንድ ሐሳብ ሳይጠቀስ አይቀርም። ይኸውም አገራችን የእርሻ መሣሪያዋን ከራሷ ፋብሪካ እንድታገኝ ከተፈለገ፣ ብረቱን የሚያግል፣ የሚያነሣ፣ የሚቀጠቅጥና የሚከረክም፣ የሰው እጅ የማይነካው አውቶማቲክ የትኩስ ቅጥቀጣ መሥመር መተከል አለበት የሚለው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በመሠረቱ አይቃወመውም። የሚቃወመው ዕቅዱ የሚነደፍበትን ቅደም ተከተል ነው። ዕቅዱ ብዙውን ጊዜ ከመኪናው ይጀምርና ወደሚሠራው ዕቃ ይወርዳል። ዕቃውን ገዝቶ የሚያርስበት ገበሬና ዕቃው በደነዘ ጊዜ የሚያሾልለት ቀጥቃጭ ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ «ገበያ» በሚል ርእስ ሥር በሁለት መሥመር ይታለፋሉ።

ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት በአንድ ቦታና በአንድ ዕቃ ላይ አቁሞ መመርመር ይሻላል። ቦታው ሉማሜ፣ ዕቃው ማረሻ ይሁን። ሉማሜ በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ የሚወጣው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያመራ በእርስዋ በኩል ያልፋል። አገሩ የጤፍና የስንዴ አገር ነው፤ በብዙ ቦታ ላይ አፈሩ በክረምት የሚያጣብቅ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መረሬ ነው፤ ወደ ተዳፋቱና ወደ ቆላው ሲወርዱ ደግሞ ቀዩና ጭንጫው ይመጣል። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ አራትና አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል። ስለዚህ በዚህ አገር ማረሻ የሚያልቅ ዕቃ ነው። «የሚያልቅ» የሚለውን ቃል አንባቢው እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ የትችቱ ሁሉ ፍሬ ነገር ከዚህ ቃል የሚወጣ ነውና።

የእርሻው ዕቃ ከሞላ ጐደል እንጨት ነው። ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ድግሩና ቀንበሩ ከዛፍ ተጠርበው የሚወጡ ናቸው፤ ብረት የሆነው ማረሻውና ወገሉ ነው። ማረሻው ከፊቱ የሾለ፣ ከኋላው ታጥፎ እንጨቱ የሚሰካበት አፍ ያለው አንድ ቁራጭ ብረት ነው። ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ሆኖም ርዝመቱ፣ የጫፉ ውፍረትና የኋላው አፍ ስፋት ከአገር አገር ይለያያል፤ በመረሬ የሚያርስ ገበሬ የሚመርጠውን በጭንጫ የሚያርሰው አይመርጠውም፤ የበሬው ጉልበትና የገበሬው ልማድም የየራሳቸውን ያስጨምራሉ። ይህን ሁሉ ልዩነት የሚሸከመው ቀጥቃጩ ነው። ገበሬው አጠገቡ ቆሞ «እዚህ ላይ ቀጠን አድርጋት» ይለዋል፤ እርሱም ያደርጋታል። በፋብሪካ ቋንቋ ብንናገር፣ ደንበኛው ባለበት ሥዕሉ በየዕቃው ይለወጣል ማለት ነው።

ለቀጥቃጩ ጥሬ ዕቃው ያረጀ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ይህን ልማድ «የቁራሌ ሥራ» ብሎ የሚንቅ ሰው ብረቱን ያላወቀ ሰው ነው። ባሌስትራ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን ያለበት፣ አግለው ባቀዘቀዙት ጊዜ የሚጠነክር ብረት ነው። ለሕንጻ የሚውለው ፌሮ ግን በአብዛኛው ካርቦኑ አነስተኛ ስለ ሆነ የቱን ያህል ቢግልና ቢነከር ለማረሻ የሚበቃ ጥንካሬ አይሰጥም። ቀጥቃጩ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመዶሻው ድምፅና ከሞረዱ አያያዝ ነው። ባሌስትራውን ቆርጦ በከሰል ምድጃ ላይ ያስተኛል፤ ወናፉን ይነፋል ወይም ያስነፋል፤ ቀለሙ ከቀይ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ቢጫ ሲያልፍ በጉጠት አንሥቶ መስፉ ላይ ያኖረዋል። ዕቃው ከተሠራ በኋላ ሥራውን የሚያውቅ ቀጥቃጭ ጫፉን ብቻ ውሃ ያስነካና በኋላው የቀረው ሙቀት ተመልሶ እንዲያለዝበው ይተወዋል። ይህንኑ ሥራ በትምህርት ቤት ማጠንከርና ማለዘብ ብለን በሁለት ምዕራፍ እንማረዋለን።

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። ማረሻው ተሽጦ ከሄደ በኋላ ይመለሳል። በእርሻው ወራት ደንዞ ይመጣል፤ ቀጥቃጩ እንደ ገና ያግለዋል፤ ጫፉን ስቦ ያሾለዋል፤ እንደ ገና ውሃ ያስነካዋል። እየተሳበ ያጥራል፤ ካጠረም በኋላ ጫፍ ይጨመርለታል ወይም ወደ ሌላ አነስተኛ ዕቃ ይለወጣል። ስለዚህ አንድ ማረሻ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ይታደሳል። የቀጥቃጩን ኑሮ የሚደግፈው መሥራቱ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ማደሱ ነው።

አሁን ወደ ዕቅዱ እንምጣ። በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው የትኩስ ቅጥቀጣ መሥመር አሠራር የታወቀ ነው። ዘንጉ በመቁረጫ ተለክቶ ይቆረጣል፤ ቁራጩ በኢንዳክሽን ማሞቂያ ውስጥ አልፎ ከ1,150 እስከ 1,250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሙቀቱ በመለኪያ ተመርምሮ ያልደረሰው ወይም ያለፈው ወደ ጎን ይጣላል። ከዚያ በጥቅል ተስቦ ግምታዊ ቅርጽ ይይዛል፤ ፕሬሱ ውስጥ በሁለት ወይም በሦስት ዳይ ይመታል፤ በዙሪያው የተረፈው ብረት ይከረከማል፤ በመጨረሻ ወደ ማጠንከሪያ ምድጃ ይሄዳል። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግረው ሮቦት ነው። ሁሉም በየራሱ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ይህን ዝርዝር እንደ ገበያ ዝርዝር ይዞ መኪና መግዛት ሲጀመር ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ያለቀ ማረሻ አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል እንበል፤ የሚከረከመውንና በእሳት ተቃጥሎ የሚረግፈውን ጨምሮ 1.8 ኪሎ ቁራጭ ያስፈልጋል። ሮቦት የሚያገለግለው መሥመር በየዐሥር ሴኮንዱ አንድ ዕቃ ቢያወጣ በሰዓት 360 ይሆናል። በቀን ስምንት ሰዓት እየሠራ፣ ለዳይ መለወጫና ለብልሽት አርባ በመቶውን ብንቀንስለት እንኳ በቀን 1,728 ማረሻ ያወጣል፤ በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንቆጥር 432,000 ይሆናል። አንድ ወረዳ 20,000 አራሽ አለው፣ እያንዳንዱም በዓመት ሁለት ማረሻ ይገዛል ብለን ብንገምት፣ የዓመቱ ፍላጎት በ23 ቀን ሥራ ይሟላል። መሥመሩ ሌላውን ጊዜ ምን ይሠራል? ለሌሎች ወረዳዎችና ክልሎች ይሠራል ይባላል። መልካም፤ ነገር ግን እንዲህ ከሆነ ማረሻው በሁሉም አገር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ደግሞ እላይ አይተናል። አውቶማቲክ መሥመር ዋጋውን የሚመልሰው በመደጋገም ነው፤ ቅርጹ በተለወጠ ቁጥር ዳዩ፣ የሮቦቱ መዳፍና የማሞቂያው ልክ አብረው ይለወጣሉ፤ መሥመሩም ቆሞ ይጠብቃል።

ስለ ፕሬሱ መጠንም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። የማረሻው ጠፍጣፋ ገጽ 30 በ6 ሴንቲሜትር፣ ማለት 180 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ በትኩስ ብረት ላይ ለአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ4 እስከ 6 ቶን ኃይል ቢታሰብ፣ የሚያስፈልገው ከ720 እስከ 1,080 ቶን ነው። ስለዚህ አንድ ሺሕ ቶን ገደማ የሆነ ፕሬስ ይበቃል። «ለወደፊቱ ይጠቅማል» እየተባለ ከዚህ ሁለትና ሦስት ዕጥፍ የሆነ ፕሬስ የሚታቀድ እንደ ሆነ፣ መሠረቱ፣ ክሬኑ፣ የኤሌክትሪክ መሥመሩና መለዋወጫው ሁሉ አብሮ ያድጋል፤ ማረሻው ግን ያው 180 ካሬ ሴንቲሜትር ነው።

ዳዩ ደግሞ በዕቅድ ላይ ትንሽ ቦታ የሚሰጠው ትልቅ ነገር ነው። የትኩስ ቅጥቀጣ ዳይ ከጠንካራ ብረት ተቀርጾ፣ ከሥራ በፊት ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ሞቆ፣ በውሃ የተበጠበጠ ግራፋይት እየተረጨበት የሚሠራ ነው። ይህም ሁሉ ተደርጎለት ዕድሜው በሺሕ ወይም በዐሥር ሺሕ በሚቆጠር ምት ይለካል። 8,000 ዕቃ ቢያወጣ እንኳ በእኛ ስሌት በአምስት ቀን ገደማ ያልቃል። ስለዚህ ከመሥመሩ አጠገብ ዳይ የሚቀርጽ ፍሬዛ፣ ዳይ የሚጠነከርበት ምድጃና ከሁሉም በላይ ዳይ መሥራት የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ ፋብሪካው በየወሩ ዳይ ከውጭ ሲያዝ ይኖራል። በእኔ አስተያየት ዕቅድ አውጪው መጀመሪያ የዳይ ክፍሉን ነድፎ፣ መሥመሩን የዚያ ክፍል ተከታይ ቢያደርገው ይሻላል።

ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ብረትን እስከ 1,200 ዲግሪ ለማሞቅ በኢንዳክሽን ለአንድ ኪሎ 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በሰዓት 648 ኪሎ ስናሞቅ 260 ኪሎዋት ያህል ይሆናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግድብ ከተመረቀ በኋላ ይህን ያህል ኃይል በአገር ደረጃ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጥያቄው የብዛቱ ሳይሆን የመቆራረጡ ነው። መብራት በጠፋ ቅጽበት በማሞቂያው ጥቅልል ውስጥ ያሉት ቁራጮች የጋሉ ናቸው፤ ጥቅልሉን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ከቆመ መዳቡ ይበላሻል። ስለዚህ በከፍታ ላይ የተሰቀለ የመጠባበቂያ ውሃ ማጠራቀሚያ ግድ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በዋጋ ረገድ ኢምንት ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ከዕቅድ ይዘለላል። የሉማሜው ወናፍ ግን መብራት አያጠፋውም፤ ይህን ስል ለቀልድ አይደለም። በሌላ በኩል ቀጥቃጩ የሚያነደው ከሰል ዛፍ መሆኑ አይካድም፤ መኪናን ከሚደግፉት ምክንያቶች ሁሉ ለእኔ ጠንካራው ይኸኛው ነው።

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ የብረቱ ነው። በዓመት 432,000 ማረሻ ማለት 778 ቶን ያህል መካከለኛ ካርቦን ያለው ዘንግ ነው። የአገራችን የብረት ፋብሪካዎች ትኩረት የሕንጻ ፌሮ ነው፤ ለማረሻ የሚሆነው ዘንግ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ዕቅዱ «የውጭ ዕቃን ይተካል» ተብሎ ሲቀርብ ይህ መነገር አለበት፤ ምክንያቱም ከውጭ በሚመጣ ዘንግ፣ ከውጭ በሚመጣ የዳይ ብረትና ከውጭ በሚመጣ ሮቦት የተሠራው ማረሻ የሚተካው ከውጭ የመጣ ማረሻ ሳይሆን በአሮጌ ባሌስትራ በአገር ውስጥ የተሠራውን ማረሻ ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ፣ ጥሬ ዕቃ እየሰጠ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል አገር እንዴት እንደሚጎዳ አስረድቶ ነበር። እኛ ደግሞ ጥሬውን ብረት ራሱን ከውጭ እየገዛን በእጅ የነበረውን ሥራ የምንተው ከሆነ ነገሩ ከእርሱ ስጋትም ይብሳል።

መኪናን አስቀድሞ ዕቃን የማስከተል አካሄድ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በዐሥር ቢሊዮን ብር ካፒታል የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በሥሩ ብዙ ፋብሪካዎችን ሰበሰበ፤ ከእነርሱም አንዱ የአቃቂው የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ ነበር። ኮርፖሬሽኑ ከስኳር ፋብሪካ እስከ ግድብ ተርባይን፣ ከማዳበሪያ ፋብሪካ እስከ ትራክተር ያለውን ሥራ በአንድ ጊዜ ያዘ። እዚሁ በአማራ ክልል የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካዎች ሥራ ከተባለበት ጊዜ በብዙ ዓመት ዘገየ፤ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የግድቡ ሥራ ከእጁ ወጣ፤ በ2011 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ እንዲከፋፈል ተወሰነ። ስለ ገንዘብ አያያዙ የተነሣው ክስ የፍርድ ቤት ነገር ስለ ሆነ እዚህ አልገባበትም። ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፤ ይኸውም «ማናቸውንም ነገር መሥራት የሚችል» ተብሎ የሚደራጅ ፋብሪካ አንድን ዕቃ ደጋግሞ በመሥራት የሚገኘውን ዕውቀት ለማከማቸት ጊዜ አያገኝም። ቅጥቀጣ ደግሞ የዚህ ዓይነት ዕውቀት ነው።

የውጭ አገሮች ምሳሌ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ተለይቶ ግን አይመረመርም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ የተመሠረተው ባራት ፎርጅ በ1990 አካባቢ ከጀርመን ያስመጣውን 16,000 ቶን ኃይል ያለው ፕሬስ ተከለ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን መሥመሩ የታሰበው ለጭነት መኪና ክራንክ ሻፍትና ለፊት አክስል ነው። እነዚህ ዕቃዎች ሥዕላቸው በሚሊሜትር ክፍልፋይ የተወሰነ፣ ገዥያቸው ጥቂት ትልልቅ የመኪና ፋብሪካዎች የሆኑ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ዕቃዎች ናቸው። መሥመሩ ለዕቃው ተገዛ እንጂ ዕቃው ለመሥመሩ አልተፈለገለትም።

ለእኛ ጉዳይ ይልቅ የሚቀርበው የዚምባብዌው ዚምፕሎው ነው። ይህ በቡላዋዮ ከተማ በ1939 የተቋቋመ ፋብሪካ በበሬ የሚጎተት የብረት ማረሻ ይሠራል። እዚያ ፋብሪካው የተመቸው ለምንድን ነው ቢባል፣ በደቡባዊ አፍሪካ የተስፋፋው ማረሻ ከመነሻው የፋብሪካ ማረሻ በመሆኑ ነው። ቅርጹ የተወሰነ ነው፤ ምላጩ በብሎን ይታሰራል፤ ሲያልቅ ተፈቶ በሌላ ይለወጣል። የእኛው ግን በብሎን የሚለወጥ ሳይሆን በእሳት የሚታደስ ነው። አንዱ የመለዋወጫ ሥርዓት፣ ሌላው የማደስ ሥርዓት ነው። የመጀመሪያውን ፋብሪካ በሁለተኛው ሥርዓት ላይ መትከል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይህን ልዩነት ማስታረቅ አለበት።

ልዩነቱ በቃል ብቻ እንዳይመስል አንድ የሙያ ጉዳይ ላንሣ። በብዙ ዕቅድ የመሥመሩ መጨረሻ የማጠንከሪያ ምድጃና የዘይት ገንዳ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ፋብሪካው ማረሻውን እንደ ሥርዓቱ አጠንክሮና አለዝቦ ይሸጠዋል። ገበሬው ሉማሜ ወስዶ ያርስበታል፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይደነዝዛል፤ ወደ ቀጥቃጩ ይመጣል። ቀጥቃጩ ከሰል ውስጥ ባስገባው ጊዜ የፋብሪካው ማጠንከሪያ ከጫፉ ላይ ጠፍቶ ያድራል። የምድጃው ሥራ ዕድሜ እስከ መጀመሪያው ከሰል ድረስ ነው ማለት ነው። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ፋብሪካው ለጥራት ብሎ ክሮምና ሌላ ማጠናከሪያ የገባበት፣ በዘይት እንዲነከር የተሠራ ብረት መርጦ ቢሆን፣ ቀጥቃጩ እንደ ልማዱ ውሃ ሲያስነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ጫፉ በማሳው መካከል ይሰበርና ገበሬው ቀጥቃጩን ይወቅሳል፤ ቀጥቃጩ ፋብሪካውን ይወቅሳል፤ ፋብሪካው ደግሞ ሁለቱንም «አያያዝ አያውቁም» ይላቸዋል። ሦስቱም እንዲህ የሚወቃቀሱት በአንድ የዘንግ ምርጫ ምክንያት ነው።

እስካሁን የወቀስሁት የመሐንዲሶቹን ጽሑፍ ነው። የባሕልና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ቀጥቃጭ የሚጽፉትም በሌላ አቅጣጫ ጉድለት አለው። እነርሱ ስለ ቡዳ፣ ስለ ጅብ፣ ስለ መገለል፣ መሬት ስለ መከልከልና ስለ ጋብቻ ክልክልነት በሰፊው ይጽፋሉ። መጻፍም ይገባቸዋል፤ ግፉ እውነተኛ ነበርና፤ ቅሪቱም ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ አገርን እንደሚጎዳ ስላዩ ነው። ነገር ግን እነዚህን ጽሑፎች አንብቦ የጨረሰ ሰው ስለ ቀጥቃጩ ስም ብዙ ያውቃል፤ ብረቱን በምን ቀለም እንደሚያነሣው፣ ጫፉን እስከ ምን ድረስ እንደሚነክረው፣ ባሌስትራው ሲጠፋ በምን እንደሚተካው ግን አያውቅም። መሐንዲሱ መኪናውን ብቻ ያያል፤ የባሕል ተማሪው ስድቡን ብቻ ያያል፤ ሥራው በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ታሪክም ስንጽፍ የምንወደው የመድፉን ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በ1867 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያሠሩት ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል ተብሎ ይታወቃል፤ እርሱ ግን ቀልጦ የፈሰሰ እንጂ የተቀጠቀጠ አይደለም። ማቅለጥና መቀጥቀጥ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን የማይለይ ጽሑፍ ዛሬም በብዛት ይታያል።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚል ጥያቄ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ፋብሪካው ያለቀ ማረሻ አይሥራ፤ ጅምር ማረሻ ይሥራ። ጅምር ማለት ጫፉ ወፈር ተደርጎ የተተወ፣ የኋላው አፍ ያልታጠፈ፣ ያልጠነከረ፣ ከክሮም ነጻ ከሆነ፣ 0.45 ወይም 0.5 በመቶ ካርቦን ካለው ብረት የተሠራ ማለት ነው። በሁለት ወይም በሦስት መጠን ቢወጣ ዳዩ ይቀንሳል፤ መሥመሩ መደጋገም ያገኛል፤ የአገር አገሩን ልዩነት ደግሞ ቀጥቃጩ በመስፉ ላይ ይጨርሰዋል። ለቀጥቃጩ ከሁሉ የሚያደክመውና ከሰል የሚፈጀው የመጀመሪያው ሥራ፣ ማለት ወፍራሙን ባሌስትራ ቆርጦ መሳብ ነው፤ ይህን መኪናው ያቃልልለታል። ዕውቀት የሚጠይቀው ማሾሉና መንከሩ ግን በእርሱ ዘንድ ይቀራል፤ ክፍያውም አብሮ ይቀራል።

የመሣሪያው ግዥም ከዚህ ይከተላል። መጀመሪያ ዘንግ መቁረጫ፣ ማሞቂያና አንድ መጠነኛ የአየር መዶሻ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ይተከል። ዳዩ በአገር ውስጥ ተቀርጾ፣ ዕድሜው በምት ተቆጥሮ ይታወቅ። ሽያጩ በዓመት መቶ ሺሕ ሲያልፍ አንድ ሺሕ ቶን ፕሬስ ይምጣ። ሮቦቱ ከሁሉም በኋላ ይግዛ፤ እጅን ማዳን እንጂ እጅን ማስወጣት ዓላማው አይሁን፤ በ1,200 ዲግሪ የጋለ ቁራጭ ማንሣት በእርግጥ ለሰው የማይገባ ሥራ ነው። የማጠንከሪያ ምድጃውን ግን እላይ በተሰጠው ምክንያት እሰርዘዋለሁ።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ መኖሩን አውቃለሁ። «ይህ አሳብ ቀጥቃጩን በዚያው በከሰሉ ጢስ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ልጁም እንደ አባቱ ወናፍ ሲነፋ ይኖራል» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ያለቀ ማረሻ የሚሠራው ፋብሪካ ለቀጥቃጩ ልጅ የሮቦት ጠባቂነት ሥራ ይሰጠዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ 1,728 ዕቃ በቀን የሚያወጣው መሥመር የሚቀጥረውን ሰው ብዛት ቆጥሮ ይንገረን። መሥመሩ አውቶማቲክ የተባለው እኮ ሰው ስለማይፈልግ ነው። በአንጻሩ ትንሽ የኤሌክትሪክ መንፊያና ደኅና መስፍ ለአንድ ቀጥቃጭ ማቅረብ ከአንድ የሮቦት መዳፍ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ እንደ ታየውም፣ ከሩቅ በሚመጣ ዕቃ ብቻ የሚያርስ ገበሬ መንገዱ በተዘጋበት ክረምት እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ነው፤ እዚያው በአጠገቡ የሚያሾልለት ሰው ያለው ግን ያርሳል።

ይህ ሁሉ በቁጥር መደገፍ አለበት፤ እላይ የሰጠኋቸው የማረሻ ክብደት፣ የአራሹ ብዛትና የግዥው መጠን ለስሌት ያህል የተገመቱ ናቸው። ሥራው ከአንድ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም፤ ሚዛን፣ መለኪያና አንድ የእርሻ ወራት ብቻ ይጠይቃል። በአዋበል በመረሬ የሚያርሱ ዐሥር ገበሬዎችና በቀይ አፈር የሚያርሱ ዐሥር ገበሬዎች ይመረጡ፤ ማረሻቸው ከመጀመሪያው እርሻ በፊት ይመዘን፤ ቀጥቃጩ ዘንድ በመጣ ቁጥር ከእሳቱ በፊትና በኋላ እንደ ገና ይመዘን፤ ስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ፣ ስንት ግራም በአፈር፣ ስንት ግራም በእሳት እንዳለቀ ይጻፍ። በአፈር ያለቀው የብረቱን ምርጫ ይወስናል፤ በእሳት ያለቀው ደግሞ የጅምሩን ጫፍ ውፍረት ይወስናል። ክረምቱ ሲገባ የሚጀምር ካለ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሚዛኑን ይዞ አብሮ ለመሄድ ዝግጁ ነው።